ዋስ የሌላት መንገደኛ

ጠፍታ የማታውቅ ልጅ መንገድ ሲጠፋባት ምን ታደርጋለች?

ትርሲት ይህን ጥያቄ ከእሁድ ጀምሮ ስታመነዥገው ሰነበተች። ሽንኩርት ስትከትፍም፣ ጸሎቷን ስታደርስም፣ ጉልበቷን ቅባት ስትቀባም አልለቀቃትም። እሷ በልጅነቷ ብዙ ጊዜ ጠፍታለች። ስትጠፋ አልቅሳለች፣ አላፊ አግዳሚውን ጠይቃለች፣ አንድ ቀንማ በማታውቀው ሰው ቤት ቆሎ እየቆረጠመች እናቷ እስክትመጣ ጠብቃለች። የልጅ ልጇ ሀሴት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ አንድም ጊዜ ጠፍታ አታውቅም። ከየት አምጥታ ትጠፋለች? ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ግራ እጇ ላይ አንባር አለ። ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲኖርባት ሁለቴ ነካ ያደርጋታል፤ ወደ ግራ ሲሆን አንዴ። ከተፈቀደላት መስመር ከወጣች ይሞቃል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ስድስት ነው። ድሬዳዋ ላይ ዋስ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዋስ ድሮ ሥራ ለመቀጠር ይጠየቅ ነበር። ከዚያ ቤት ለመከራየት ተጠየቀ፤ ከዚያ ራቅ ወዳለ ከተማ ለመሄድ፤ በመጨረሻ ከቤት ለመውጣት። ማንም አልጮኸም። እንዲያውም ደስ ያለው ይበዛ ነበር፤ ትርሲትም አንዷ ናት። ልጁ የት እንዳለ ማወቅ የማይወድ ማን አለ? ሥርዓቱን «አደራ» ብለው ስም ሲያወጡለት ደግሞ የሰፈሩ እናቶች እልል አሉ።

«ወዴት ነው? ለምን ጉዳይ? ከማን ጋር? መቼ ይመለሳሉ?» ይላል በሩ፣ ለስላሳ በሆነች የሴት ድምፅ። ጥያቄው ከዚያ ወደ ዋስ ይሄዳል። ዋስ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አውራ ጣቱን ካላሳረፈ በሩ አይከፈትም። ለጉዳይ የተፈቀዱት ምክንያቶች ሰባት ናቸው፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ጸሎት፣ ግዢ፣ ጥየቃ፣ ለቅሶ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከተማው ሰው ሁሉ ለቅሶ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ኋላ አደራ የሟቹን ስም መጠየቅ ጀመረ። «ለማየት» የሚል ምክንያት የለም።

ሀሴት የምትፈልገው ደግሞ እሱን ነበር።

«ምኑን ነው የምታይው?» አለቻት ትርሲት እሁድ ዕለት፣ ገና ነገሩ ሲነሳ።

«መጋላን።»

«መጋላ ምን አለ?»

«አላውቅማ እምዬ! ባውቅማ ለምን እሄዳለሁ?»

«ድልድዩን ተሻግረሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ በመጋላ አይደል የምታልፊው?»

«በጎኑ ነው የማልፈው። አሥራ ሁለት ዓመት በጎኑ አለፍኩ።» ልጅቷ አንባሯን በጣቷ ታሽከረክራለች። «ሐሙስ ልቀቂኝ።»

ሐሙስ ሀሴት አሥራ ስምንት ይሞላታል። በዚያን ቀን ማለዳ ዋሷ ከሁለት አንዱን ትመርጣለች። ወይ ለዕድሜ ልክ ታድሳለች፤ እሱ «ሙሉ አደራ» ይባላል። ወይ ትለቃለች። አንዴ የለቀቀ ዋስ ተመልሶ መያዝ አይችልም። የተለቀቀውን ሰው ባጃጅ አይጭነውም፤ በእግሩ ይሄዳል። ቢወድቅ የሚጮህለት አንባር የለም። ቢጠፋ፣ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

የሀሴት ዋስ ትርሲት ናት። የልጅቷ እናት ከሞተች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ አባቷ ኪሩቤል፣ የትርሲት ልጅ፣ ሀዋሳ ነው የሚሠራው፤ የትርሲት ዋስም እሱ ነው። ትርሲት የኪሩቤልን ልጅ በአንድ እጇ ስትይዝ በሌላው አውራ ጣቷን ታሳርፋለች፤ ኑሮዋ ይኸው ነበር። በቀን አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ስድስት ጊዜ። ቶሎ ባታሳርፍ ልጅቷ በር ላይ ትገተራለች ብላ መታጠቢያ ቤት እንኳ ተረጋግታ አትገባም።

«አንቺ እኮ ድሬ የመጣሽው ብቻሽን ነው» አለች ሀሴት። «ሃያ አንድ ዓመትሽ ነበር። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ።»

«ያኔ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

ትርሲት ተነስታ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እርግጥ ነው፤ የመጣችው ብቻዋን ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስታ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል መባሉን ሰምታ፣ ሁለት ሹራብ ደርባ ነበር የመጣችው። ከአውቶቡስ ስትወርድ አንዲት ሎሚ ሻጭ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ውይ አንቺ! ብርዱን ይዘሽብን መጣሽ?» አለቻት። ትርሲት ተናደደች። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ «አንቺ» ትለኛለች ብላ አደረች። በወሩ ግን ይህች ሁሉን ሰው «አንቺ» እና «አንተ» የምትል፣ ሞቃት፣ ወሬኛ ከተማ አንጀቷ ውስጥ ገብታ ነበር። እሁድ እሁድ ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ አዲስ ሰፈር መርጣ ትዞራለች። ሳቢያንን ዞረች፣ ገንደ ቆሬን ዞረች፣ መጋላን ለአራት እሁድ ዞራ አልጨረሰችውም። የትውልድ አገሯን እናቷ ሰጠቻት፤ ድሬን ግን በእግሯ ነው ያገኘቻት።

ይህን ሁሉ እያወቀች ሙሉ አደራውን ልታድስ ቆርጣ ነበር። ለልጅቷ ግን ማስረጃ ያስፈልጋታል። «አይሆንም» ብቻ ብትላት ዕድሜ ልኳን ታኮርፋታለች። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት አንድ ነገር አሰበች፤ እኔ ራሴ ብቻዬን እሄድና፣ እንደማይቻል አይቼ፣ ተመልሼ እነግራታለሁ አለች።

አሳቧን ለጎረቤቷ ለኢፍቱ ነገረቻት። ኢፍቱ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያረጀች፣ ሦስት ፍየሎች ያሏት፣ ምላሷ ከፍየሎቿ ቀንድ የሚብስ ሴት ናት።

«በእንቅልፍ ሰዓት ውጪያ» አለች ኢፍቱ፣ ቀላል ነገር እንደምትናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደራን የሠሩት ሰዎች ብርድ አገር የኖሩ ናቸው። ድሬ ላይ ሲዘረጉት፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ የከተማው አንባር ሁሉ ከቦታው እንደማይነቃነቅ አዩ። ተኝተዋል አሉ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አደራም እንዲያርፍ፣ ማንንም እንዳይጠይቅ፣ የልብ ምት ብቻ እንዲያዳምጥ አደረጉት። ድሬ መች ተኝታ! ትራሷን ተደግፋ፣ ጫቷን ቀንጥሳ፣ የሰው ስም እያነሳች ስትጥል ነው እንጂ። ለሃያ ዓመት ይህን ስህተት ማንም አላረመላቸውም። ማንም አልተጠቀመበትምም፤ በዚያ ሙቀት ማን ይወጣል?

«አንባሩስ?» አለች ትርሲት። «ከገላዬ ካወለቅሁት ይጮሃል።»

«በኔ ላይ አድርጊዋ። ልብ ነው የሚፈልገው፤ እኔም ልብ አለኝ። እግሬ ላይ እሰሪልኝ፣ እጄ ለጫቱ ይፈለጋል።»

ትርሲት ቦርሳ አዘጋጀች። ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ ዳቦ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የደም ግፊት ክኒን፣ ሦስት መሐረብ፣ ጃንጥላ። በቁራጭ ወረቀት ላይ «ትርሲት እሸቴ፤ ከዚራ፣ ሰማያዊው በር» ብላ ጽፋ ጡቷ ሥር ወሸቀች፤ ብሞት ሬሳዬ እንዳይንከራተት ብላ።

«ሐጅ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለች ኢፍቱ ቦርሳውን አይታ። «አቦ ሂጂ! እኔ እተኛልሻለሁ።»

ከኢፍቱ ግቢ ኋላ ለፍየሎቹ መውጫ የተተወ የእንጨት በር ነበር። መቀርቀሪያ እንጂ ድምፅ የለውም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ትርሲት ጎንበስ ብላ በእሱ ወጣች።

የሰፈሯ የከዚራ መንገዶች በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ቀጥ ያሉ ናቸው። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች። አንድም ሰው የለም። የትርሲት ግራ እጅ ባዶውን ሲሆን በላት፤ ምላስ የተነቀለ ጥርስ ቦታ ላይ እንደሚመላለስ፣ ቀኝ እጇ ደጋግሞ ወደዚያ ሄደ። መስመሯ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ስትደርስ ቆመች። የሚነካት የለም። በስተቀኝ ያለውን መንገድ ለሃያ ዓመት አላየችውም፤ ከቤቷ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ቀኝ ታጠፈች።

መጀመሪያ ያስተዋለችው የቀለሙን ነገር ነው። መስመር በሚያልፍበት መንገድ ያሉ ግድግዳዎች በየዓመቱ ይቀባሉ። እዚህ ግን ማንም አያልፍምና ማንም አልቀባም። ቤቶቹ ፊታቸውን አዙረዋል፤ የድሮ በሮቻቸው በብሎኬት ተደፍነው፣ በጀርባ በኩል አዲስ በር ወጥቶላቸዋል። ሰው ይኖርባቸዋል፤ ከግንቡ በላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ይታያል፤ መንገዱ ላይ ግን የሰው ኮቴ የለም። አንድ የተደፈነ በር ላይ «ሻይ አለ» የሚል ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል። ትርሲት ደንግጣ ዙሪያዋን አየች። ከተማዋ አልፈረሰችም። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች እንጂ።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ስትደርስ ቆመች። መስመር የያዘ ሰው ደቻቱን የሚሻገረው በተሸፈነው ድልድይ ነው፤ ወንዙ ራሱ በአጥር ታጥሯል። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ፣ የፍየል ሥራ ይሁን የዝገት፣ ተቀድዷል። በቀዳዳው ሰፊው ደረቅ አሸዋ ይታያል። ወደ ደንገጎ ተራሮች ቀና አለች። ደቻቱ ታታልላለች፤ ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እላይ ዘንቦ ድንገት ግድግዳ የሚያህል ውሃ ትልካለች። ተራሮቹ ላይ ጭረት የምታህል ደመና አለች። የዝናብ ትሁን የሙቀት አታውቅም።

«በቃሽ፣ ተመለሺ» አለች ለራሷ ጮክ ብላ። «ማስረጃሽን አግኝተሻል። ይኸው እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

እግሯ ግን ቀድሟት አጥሩን ገብቶ ነበር።

አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት፤ በጫማዋ ውስጥ እንደ ፍም ገባ። መሐል ስትደርስ የሚከተላት ያለ መስሏት ክው ብላ ዞረች። የራሷ ዱካ ነበር። ዱካዋን ካየች ስንት ዘመኗ! አስፋልትና የድልድይ ንጣፍ ዱካ አይይዙም። ትንሽ ቆማ አየችው። አንዱ ዱካ ከሌላው ይጠልቃል፤ ቀኝ እግሯ እንደሚያነክስ እስከዛሬ አልታወቃትም ነበር።

መጋላ እንደ ከዚራ አይደለችም። ጎዳናዎቿ ይጠማዘዛሉ፣ ይጠባሉ፣ አንዱ ግቢ መስሎ መንገድ ይሆናል፣ ሌላው መንገድ መስሎ ግቢ ይሆናል። ከግድግዳው ጀርባ ከተማዋ ተጋድማ ትስቃለች። ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም አማርኛውም ይደባለቃል፤ አንዲት ሴት «ወላሂ አልዋሽሽም!» ብላ ስትምል ይሰማል፤ ሰው ይንከተከታል። ትርሲት ብቻዋን ጠባቧ መንገድ ላይ ቆማ አብራ ሳቀች፤ በምን እንደሳቁ ግን አታውቅም። ከዚያ ተራመደች፣ ታጠፈች፣ ደግሞ ታጠፈች። አንድ ሳይደፈን የቀረ አረንጓዴ በር አለፈች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያንኑ አረንጓዴ በር አለፈች። ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አየችው።

ጠፍታለች።

ውሃዋን ጠጣች፤ ሁለተኛውን ጠርሙስ ጀመረች። ልቅሶ አፍንጫዋ ላይ መጣ። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷት መንገድ ላይ ልታለቅስ! ቀስ ብላ አረንጓዴውን በር አንኳኳች።

የከፈተው አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጉንጩ በጫት ያበጠ ሰው ነው። ትርሲትን አያት። ግራና ቀኙን አየ። ደግሞ እሷን አየ።

«ማነው፣ ሙክታር?» አለች ከውስጥ አንዲት አሮጊት።

«ሰው ነው!»

«የማን ሰው?»

«እኔ እንጃ! ብቻዋን ናት!»

«አላህ! በሩን ዝጋ!»

ሙክታር በሩን አልዘጋም። የተገረመ እንጂ የከፋ ሰው አይመስልም። «እናቴ፣ አንባርሽ የታለ?»

«ጎረቤቴ እግር ላይ።»

«ምን ላይ?»

«አትጨቅጭቀኝ ልጄ። ወደ ቀፊራ በየት ነው የሚኬደው? ቀፊራን ካገኘሁ ከዚያ ወዲያ አውቀዋለሁ።»

ሙክታር እጁን ወደ ቀኝ አነሳ፤ ከዚያ ወደ ግራ አዞረው፤ ከዚያ አወረደው። ፊቱ ላይ ላብ ወጣ። «በየቀኑ እሄዳለሁ እኮ» አለ እንደማፈር ብሎ። «እዚህ ሰፈር የገባነው ከአደራ በኋላ ነው። ዳቦ የምገዛው እዚያ ነው። በወዲያኛው በር እወጣለሁ፤ ከዚያ… ከዚያ አንባሩ ይወስደኛል። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።»

«በየት በኩል?»

«አላውቅም።»

ትርሲት አየችው። ይህ ሰው የሚደብቃት ነገር የለም፤ በእርግጥም አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልቧ ውስጥ አንድ መጽናኛ ነበራት፤ ብጠፋም ሰው እጠይቃለሁ የሚል። አሁን መንገድ የሚያሳይ ሰው እንደሌለ ገባት። ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። ሁሉም እንደ ዕቃ ተሸክሞ የሚያደርሳቸው ስላላቸው ነው። ፍርሃቷ ወደ ንዴት ሲለወጥ ታወቃት።

ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። በመንገዱ መሐል የዝናብ ውሃ የቦረቦራት ቦይ ነበረች፤ ደርቃለች፤ አሸዋዋ ግን ወዴት እንደፈሰሰች ይናገራል።

«ውሃ የሚሄደው ደቻቱ ነው» አለች። «ቀፊራ ደቻቱ ዳር ነው። ና።»

«እኔ?»

«እኔ ካንተ ሠላሳ ዓመት እበልጣለሁ፤ እየመራሁህ ነው። ምን ያስፈራሃል?»

«ሙክታር! ወዴት ነው?» አለች አሮጊቷ።

«እዚህ ጋ ነኝ እማዬ!» አለና ሙክታር በነጠላ ጫማው ወጣ። አንባሩን ደጋግሞ ያያል፤ አንባሩ ግን በእንቅልፍ ሰዓት ምን ገዶት። ቦይዋን ተከተሉ። አንድ ማዕዘን ታጠፉ። አንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት፣ ገቡ። ሲወጡ የቀፊራ ገበያ ቅስት በር ፊታቸው ተደቀነ።

ሙክታር ቆመ። ዞሮ አየ። ደግሞ ገበያውን አየ።

«ይኼ… ቤቴ ጀርባ ነው?»

«አርባ እርምጃ ነው» አለች ትርሲት። ቆጥራው ነበር።

«ሃያ ዓመት ዳቦ የገዛሁበት» አለ፤ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። የጫቱ ምርቃና በርሮ ጠፍቷል። ትርሲት ከቦርሳዋ ዳቦውን አውጥታ ቆርሳ ሰጠችው። ቆመው በሉ። ከዚያ ሰውየው «መተላለፊያዋን ለእናቴ ላሳያት» ብሎ ሮጠ፤ አንዱ ነጠላ ጫማው ወልቆበት ተመልሶ አነሳው።

ትርሲት የቀረውን ሰዓት ዝም ብላ ዞረች። እውነቱን ለመናገር መመለስ ትችል ነበር። ሁለት ጊዜ ደግማ ጠፋች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቦይ ፈልጋ ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እየተመለሰች የደቻቱ አሸዋ መሐል ነበረች። ከተማዋ ላይ አንድ ሺህ በር በአንድ ጊዜ ሲነቃ ተሰማት፤ ከድልድዩ ምሰሶም ያቺ ለስላሳ ድምፅ ወረደች።

«እናታችን፣ እንደምን ዋሉ። ከመስመር ውጭ ነዎት። ዋስዎ ማን ነው?»

«እግሬ ነው።»

«ምላሽዎ አልተመዘገበም። ዋስዎ ማን ነው?»

«አትመዝግቢዋ!»

ቀጥሎ ምሰሶው ፊቷን ለይቶ ዋሷን ጠራ፤ የኪሩቤልን ጩኸት ወንዙን ሙሉ አሰማው። «እማዬ! የት ነሽ? አልጋሽ ላይ ነሽ ይለኛል! ደቻቱ ውስጥ ነሽ ይለኛል! ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ልብሽ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ልትሞቺብኝ ነው ብዬ ሥራዬን ጥዬ ሐኪም ስፈልግ…»

«የኢፍቱ ልብ ነው» አለች ትርሲት። «ጫት ይዛ ነው።»

«ምን?»

«ደኅና ነኝ ልጄ። እንዲያውም እንደዛሬ ደኅና ሆኜ አላውቅም። አሸዋ ጫማዬ ገብቶ ነው የቆምኩት።»

የኢፍቱ ግቢ በር በዚያው ምሽት ታሸገ። ትርሲት ለሠላሳ ቀን ከቤቷ እንዳትወጣ ተወሰነባት። ኢፍቱ ምን እንደደረሰባት ስትጠየቅ፣ «በሁለት ልብ ተኝቼ አላውቅም፤ ደክሞኛል» ብላ መለሰች።

ሀሴት ራት ላይ ወደ አያቷ ዞረች። የትርሲት እግር በሳፋ ውሃ ውስጥ ነው፤ ተረከዟ ተልጧል።

«ማስረጃሽን አገኘሽ?»

«አገኘሁ። ሦስት ጊዜ ጠፋሁ። አንዴ ላለቅስ ነበር። ደቻቱ ላይ ደመና ነበረ፤ ጎርፍ ቢመጣ ሬሳዬም አይገኝ። የምጠይቀው ሰው መንገዱን አያውቅም።»

«እሺ» አለች ልጅቷ ዝግ ብላ፤ አንገቷን ደፋች።

ሐሙስ ማለዳ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ራሱ ተናገረ። የኪሩቤል ፊት ግድግዳው ላይ ወጣ፤ አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሀሴት ወንበር ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ወይዘሮ ትርሲት፣ የሀሴት ኪሩቤልን ዋስነት በሙሉ አደራ ያድሳሉ ወይስ ይለቃሉ?»

«አድሺ እማዬ» አለ ኪሩቤል። «እለምንሻለሁ። እናቷን ቀብሬያለሁ። የት እንዳለች ሳላውቅ ማደር አልችልም።»

ትርሲት ልቧ ባባ። ልጇ የሚለው ሁሉ የራሷ አሳብ ነው፤ ከእሱ አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ሆነባት። «ኪሩዬ፣ እኔም አልችልም። ዛሬም አልችልም፤ ነገም የምችል አይመስለኝም። ግን ስማኝ። ትናንት አንድ ሰው አገኘሁ። ሃያ ዓመት ዳቦ የሚገዛበት ገበያ ከቤቱ ጀርባ አርባ እርምጃ ላይ ነው፤ አያውቅም። አርባ እርምጃ! ሲነግሩት ልጅ ሆኖ ሳቀ። እኔ ትናንት አልጠፋሁም፤ የጠፋው እሱ ነው። ይህችን ልጅ እንደሱ አድርጌ፣ የት እንዳለች አውቄ፣ ምን ይጠቅመኛል?»

«ብትጎዳስ?»

«እኔ እንጃ።»

«ይኼ መልስ ነው?»

«አይደለም። ትለቀቅ።»

«ይህ ውሳኔ አይመለስም» አለች ድምፅዋ። «ሀሴት ኪሩቤል ከዛሬ ጀምሮ ዋስ አይኖራትም። እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«እርግጠኛ ካልሆኑ ዋስነቱ በራሱ ይታደሳል። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ። እርግጠኛ ነዎት?»

ትርሲት በአንደበቷ ዋሽታ አታውቅም፤ ቢያንስ ኑዛዜ ላይ እንደዚያ ትል ነበር። ኪሩቤልን አየችው። ግንባሩን በእጁ ይዟል። አውራ ጣቷን አነሳች፤ በሌላ እጇ ደግፋ አሳረፈችው።

«እርግጠኛ ነኝ!» አለች፤ የራሷ ድምፅ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ምን ትጨቀጭቂኛለሽ? እርግጠኛ ነኝ አልኩሽ እኮ!»

ከሀሴት እጅ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። አንባሩ ተፈልቅቆ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ ነበር፤ እንደ ሕፃን ገላ። ልጅቷ በጣቷ ነካችው፤ ደግሞ ነካችው። ግድግዳው ላይ የኪሩቤል ፊት ጠፋ።

ሀሴት ተነስታ ጫማዋን አሰረች። የትርሲት አፍ በቃል ሞላ። ውሃ ያዢ። ፀሐዩ ሳይከር ተመለሺ። ደመና ካየሽ አሸዋው ላይ እንዳትወርጂ። የማያውቁሽ ሰዎች ቤት እንዳትገቢ፤ ግን ደግሞ ከደከመሽ አንኳኪ። ተረከዝሽ ከተላጠ ቆሚ። ሁሉንም በጥርሷ ይዛ አስቀረችው፤ ከንፈሯ ነጣ።

በሩ ተከፈተ። ወዴት ነው አላለም፤ ለምን አላለም፤ ከማን ጋር አላለም። ሀሴት ደፍ ላይ ቆማ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አየች፤ ከዚያ ወጣች።